ሪሞቷ ስትጠፋ ሳጥኑ ለምን ይሞታል?

አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ቤታችሁ ዲሽ ካለ ተነሱና ሪሲቨራችሁን ፊት ለፊት እዩት። ስንት ቁልፍ አለው? የቆየ ከሆነ ምናልባት ስድስት ሰባት ቁልፍ ይኖረዋል፤ ሜኑ፣ ኦኬ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች የሚሉ። በቅርብ የተገዛ ከሆነ ግን ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ቢኖረው ነው። እሷም የሌለችው አለ። የቀረው ሥልጣን ሁሉ ተጠቃሎ የገባው ሶፋ ሥር የምትጠፋው፣ ሕፃን የሚያኝካት፣ ወገቧ በፕላስተር የታሰረው ሪሞት ውስጥ ነው።

እኛ ይህን ልብ ያልነው በአንዲት እናት እሮሮ ነው። ከመካከላችን የአንዱ እናት፣ የአዳማ ነዋሪ ናቸው፣ የሶፋ ልብስ ሊያጥቡ ሲሰበስቡ ሪሞቷም አብራ ተጠቅልላ ሳፋ ውስጥ ገባች። ኦሞ ውስጥ አደረች። ፀሐይ ላይ ተሰጣች፣ ሩዝ ውስጥ ተቀበረች፣ ድንጋይ ተቀየረላት። አልተነሳችም። እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ያገኙትን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሁሉ አዳረሱ። አንዱ «የለም» አላቸው፤ ሌላው «ሂንጂሩ» አላቸው፤ ሦስተኛው የምትመስል ሰጥቷቸው ቤት ወስደው ሲሞክሯት እምቢ ስላለች መለሷት። የመጨረሻው ባለ ሱቅ፣ ትሁት ልጅ ነው፣ እውነቱን ነገራቸው።

«እማማ፣ የዚህ ሪሞት አይመጣም። ሳጥኑን ይቀይሩት።»

«ሳጥኑ ምን ሆነ ልጄ? ጤነኛ ነው እኮ!»

«ጤነኛ ነው እማማ። ግን ያለ ሪሞቱ ምን ያደርግልዎታል?»

እማማ ልክ ነበሩ። ልጁም አልዋሸም። ጤነኛ ዕቃ በዓይናችን እያየን «ሞተ» የሚባልበት አገር ላይ ነው ያለነው። ስለዚህ አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር፦ ሪሞቱ ስለጠፋች የሚጣል ሪሲቨር ተበላሽቶ አይደለም የሚጣለው። ከአንድ ገጽ የማትበልጥ ሠንጠረዥ ስለተደበቀችብን ነው። የደበቋት ሳጥኑን የሠሩትና ያመጡልን ናቸው። ሳንፈልጋት የኖርነው ግን እኛ ነን፤ በተለይ «ኮምፒውተር ተምረናል» የምንለው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ

ሪሞት ምትሃት አይደለችም። ግንባሯ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ትረጫለች፤ አብዛኛውን ጊዜ 940 ናኖ ሜትር አካባቢ። ዓይን ባያየውም የስልክ ካሜራ ያየዋል። የሪሞቷን ግንባር ወደ ካሜራው አዙራችሁ ቁልፍ ስትጫኑ ነጣ ወይም ወይን ጠጅ ያለ ብልጭታ ስክሪኑ ላይ ይታያል። የኋለኛው ካሜራ ብርሃኑን የሚያጣራ መስታወት ሊኖረው ስለሚችል በፊተኛው ሞክሩት። ብልጭ ካለች አምፖሏና ድንጋዩ ደህና ናቸው። ካላለች ችግሩ እዚያው ነው። የመንገድ ዳር ጠጋኞች ሁሉ የሚያውቋት ምርመራ ይህች ናት።

ብርሃኑ ዝም ብሎ አይበራም። በሴኮንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል እየተርገበገበ ነው የሚወጣው፤ ሳጥኑ ከፀሐይና ከመብራት ብርሃን እንዲለየው። ፀሐይም ኢንፍራሬድ አላትና። እንደ አዳማ ያለ ከተማ በረንዳ ላይ ቴሌቪዥን አውጥቶ ኳስ የሚያሳይ ሰው ከሰዓት ፀሐይ ሳጥኑን ፊት ለፊት ሲመታው ሪሞቷ ለምን እንደምታስቸግረው ካልገባው፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በዚያ መርገብገብ ላይ መልእክቱ ይጫናል። በሰፊው የሚሠራበት ኤንኢሲ የሚባለው ፕሮቶኮል መጀመሪያ 9 ሚሊ ሴኮንድ ብርሃን ይልካል፤ ቀጥሎ 4.5 ሚሊ ሴኮንድ ዝም ይላል። «ስማኝ» ማለቱ ነው። ከዚያ 32 ቢት ይከተላል። አጭር ዝምታ ዜሮ፣ ረዥም ዝምታ አንድ። የመጀመሪያዎቹ 8 ቢቶች የዕቃው አድራሻ፣ ቀጣዮቹ 8 የዚያው ግልባጭ፣ ከዚያ 8 ቢት የቁልፉ ቁጥር፣ በመጨረሻ የቁጥሩ ግልባጭ። ግልባጩ ለማመሳከሪያ ነው፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል። የፊሊፕሱ አርሲ-5 ደግሞ በ36 ሺህ ይርገበገባል፤ 14 ቢት ብቻ ነው የሚልከው። የሶኒው በ40 ሺህ ነው። ቋንቋቸው ይለያያል እንጂ የሚናገሩት ነገር አንድ ነው፦ «ለእገሌ፣ ይህን ቁጥር።»

እዚህ ላይ አንዲት ነገር ያዙልን። ሪሞቷ «ድምጽ ጨምር» ብላ አታውቅም። «ለእገሌ፣ 21 ቁጥር» ብቻ ነው የምትለው። 21 ቁጥር ድምጽ መጨመሪያ ይሁን ቻናል መቀየሪያ የሚወስነው ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ውስጥ «21 ሲመጣ ይህን አድርግ፣ 22 ሲመጣ ያንን አድርግ» የሚል ሠንጠረዥ አለ። ጨዋታው ሁሉ ያለው እዚያ ሠንጠረዥ ላይ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ማን አለ?

ሳጥኑን ስትከፍቱት ከፊት በኩል ጥቁር፣ ባለ ሦስት እግር፣ የጥፍር ያህል ዕቃ ታገኛላችሁ። አንዱ እግር ኃይል፣ አንዱ መሬት፣ አንዱ ምልክት ነው። ያ የሳጥኑ ጆሮ ነው። ጆሮው የሰማውን ወደ ዋናው ቺፕ አንድ ፒን ላይ ያወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የድራይቨር ነው።

ከእነዚህ ሳጥኖች አያሌዎቹ፣ አንድሮይድ የሚባሉት ደግሞ በሙሉ፣ ውስጣቸው ሊኑክስ ነው። ሁሉም ነው አንልም፤ ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ቺፑን የሠራው ኩባንያ በሰጣቸው ትንሽ ሲስተም ነው የሚሄዱት። ሠንጠረዡ ግን እነሱም ውስጥ አለ። በሊኑክስ በኩል ይህ ሥራ ለዓመታት ኤልአይአርሲ የሚባል ከከርነሉ ውጭ ያለ ፕሮጀክት ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የኢንፍራሬድ ፕሮቶኮሎቹ መፍቻዎች ወደ ከርነሉ ገቡ፤ ሥራውን በዋናነት የመራው ብራዚላዊው ማውሮ ካርቫልሆ ቼሃብ ነበር። አሜሪካ ወይም ጃፓን ሳይሆን ብራዚል። ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዛሬ አንድ ሰው በሊኑክስ ለሚሠራ ሳጥን ሪሞት ላስገባ ቢል ሦስት ነገር ማስተካከል ይበቃዋል።

አንደኛ፣ ጆሮው የትኛው ፒን ላይ እንደተገናኘ መንገር። ይህ ዲቫይስ ትሪ በሚባለው ፋይል ውስጥ የሚጻፍ ጥቂት መስመር ነው። እዚህ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅባት ጉድጓድ አለች፦ ጆሮው የሚናገረው በተቃራኒ ነው። ዝም ሲል ፒኑ ከፍ ይላል፤ ብርሃን ሲመጣ ዝቅ ይላል። ይህን ካልጻፋችሁ ድራይቨሩ ዝምታውን ንግግር፣ ንግግሩን ዝምታ አድርጎ ያነባል።

ሁለተኛ፣ ከርነሉ ሲሠራ የፕሮቶኮሉን መፍቻ «አዎ» ብሎ መምረጥ። ይህች ምርጫ ከታለፈች ነገሩ ሰውን ያሳብዳል። ሪሞቷ ታበራለች፣ ፒኑ ይሰማል፣ ምቱ ይቆጠራል፣ ግን ቁልፍ አይወጣም። ስንቱ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሽቦ ሲፈትሽ አድሮ ይሆን፣ ችግሩ አንዲት ያልተመረጠች መስመር ሆና!

ሦስተኛ፣ ሠንጠረዡ። ከርነሉ ራሱ ከመቶ በላይ የተዘጋጁ የሪሞት ሠንጠረዦች ይዟል። እያንዳንዱ ትንሽ ፋይል ነው፤ በግራ የቁልፉ ቁጥር፣ በቀኝ ትርጉሙ። ሠንጠረዡን ለመቀየር ከርነሉን እንደገና መሥራት እንኳ አያስፈልግም። አይአር-ኪቴብል በሚባል መሣሪያ ሳጥኑ በርቶ እያለ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን መጫን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 4.18 ከርነል ወዲህ ደግሞ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ፕሮቶኮል ቢመጣ እንኳ በትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ማስተማር ይቻላል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው እውቀታችንን ለማሳየት አይደለም። አንድ ሳጥን ከራሱ ሪሞት ሌላ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሪሞት እንዲቀበል ማድረግ ለሠሪው ምንም ያህል ወጪ እንደሌለው እንድታዩልን ነው። ጥቂት መስመር ነው። ያንን ጥቂት መስመር አልጻፉም። ሠንጠረዡን አትመው ከካርቶኑ ጋር ቢልኩም አንድ ወረቀት ነበር። አልላኩም።

ሁለት ሰዓት

ወደ እማማ ሳጥን እንመለስ። እኛ ነገሩ እልህ ውስጥ ከተተንና አንድ ቅዳሜ ተሰብስበን ከፈትነው። ቦርዱ ላይ ስም ያልተጻፈባቸው አራት ቀዳዳዎች አሉ፤ ሠሪዎቹ ሲፈትሹ የሚጠቀሙበት የሲሪያል በር ነው። ሽቦ በይደን ከላፕቶፕ ጋር አገናኘነው። ሳጥኑን ስናበራው ጽሑፍ እንደ ጎርፍ ወረደ። ሊኑክስ ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን። ሱቁ የመለሳትን የምትመስል ሪሞት ዓይነት ከጎረቤት ተዋስንና ተጫንናት። ላፕቶፑ ላይ አንድ መስመር ወጣ፤ ያልታወቀ ቁልፍ መጣ የሚል፣ ከነቁጥሩ። ደግመን ተጫንን። ደግሞ ወጣ። ገባችሁ? ሳጥኑ ይሰማል። የተባለውን ቁጥር አንድ በአንድ ያነባል። የማይታዘዘው ሠንጠረዡ ውስጥ ስለሌለ ብቻ ነው። እማማ «ጤነኛ ነው» ሲሉ ከባለ ሱቁም ከእኛም ይበልጥ ያውቁ ነበር።

ሠንጠረዡን ማውጣት አልቻልንም፤ ተቆልፏል። ስለዚህ ሒሳብ ሠራን። አድራሻው 8 ቢት ከሆነ 256 ዓይነት ነው። ቁልፉም 8 ቢት፣ 256 ዓይነት ነው። ሲባዛ 65,536። አንዱን ልኮ ቀጣዩን ለመላክ ወደ 110 ሚሊ ሴኮንድ ይወስዳል። ሁሉንም ለመሞከር ሁለት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። አንድ አርዱዊኖ፣ አንድ ከተጣለች ሪሞት የተፈታች አምፖል፣ አንድ ትራንዚስተር። ፕሮግራሙን ጻፍንና ለቀቅነው።

ሃምሳ ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። (አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተራራዋ ላይ ተተክሎባት መብራት የሚሄድባት ከተማ ናት፤ ይህን ለሌላ ቀን እናቆየው።) መብራት ሲመለስ ከዜሮ ጀመርን። ከአንድ ሰዓት በላይ ምንም የለም። ከዚያ ድንገት ቻናሉ ተንቀሳቀሰ፣ ድምጹ ከፍ አለ፣ ሜኑ ወጣ፣ ሳጥኑ ጠፋ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ፤ ጎረቤት ጎል የገባ መስሎት ነበር። አድራሻውን አገኘነው። አድራሻው ከታወቀ በኋላ የቀረው 256 ቁልፍ ብቻ ነው፤ በሩጫ ከሆነ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። እኛ ግን አንድ በአንድ፣ እየጻፍን ሄድን። ደግ አደረግን፤ ምክንያቱም አንደኛው ቁጥር ሁሉን ነገር የሚያጠፋና ሳጥኑን እንደ አዲስ የሚያደርግ ኖሮ ቻናሎቹን በሙሉ ጠረገልን። እማማ የዚያን ዕለት ድራማቸውን አላዩም። ይቅር ብለውናል።

ማታ ላይ በእጃችን አንድ ገጽ ነበር። በግራ ቁጥር፣ በቀኝ ትርጉም። ኮድ ከምትማር ሪሞት ላይ ጫንነው። ሳጥኑ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ልብ በሉ፤ ሁለት ሰዓቱን የፈጀብን መሥራቱ አይደለም። የተደበቀ ነገር መፈለጉ ነው። ሠሪው ያቺን ገጽ ቢልክልን ሥራው የአሥር ደቂቃ ነበር።

«ለአንዲት ሪሞት ይህ ሁሉ?»

ይህን የሚል ጓደኛ አለን። ክርክሮቹ ሦስት ናቸው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሪሞት ርካሽ ነው፤ አዲስ ግዙ» ይላል። ሲገኝ ርካሽ ነው። አዳማ ላይ አሥር ሱቅ ዞሮ ያጣ ሰው መቂ ላይ፣ ባቱ ላይ፣ አርሲ ነገሌ ላይ ምን ያገኛል? ለአንዲት ሪሞት ተሳፍሮ አዳማ ወይም ሻሸመኔ ይሂድ? የትራንስፖርቱ ከሪሞቷ ይበልጣል። ሄዶም «ሂንጂሩ» ቢባልስ?

ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ያየነው የአገር ውስጥ ቻናሎች ሳተላይት የቀየሩ ጊዜ ነው። ኢትዮሳት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሲመጣ ቻናሎቻችን ከናይልሳት ወጥተው በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ወዳለው ሳተላይት ሄዱ። ዲሽ አስተካካዮች ጣራ ለጣራ ዞሩ፤ ሳህን አዞሩ። ነገር ግን ሳህን ማዞር ግማሹ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ሜኑ ውስጥ ገብቶ ቻናል መፈለግ ነው። ሜኑ ደግሞ በሪሞት ነው። ሪሞት የሌለው ቤት ሳህኑ ቀንቶ፣ ሳጥኑ ጤነኛ ሆኖ፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ዜና ለመስማት አዲስ ሳጥን መግዛት ግዴታው ይሆናል ማለት ነው። በአንድ ገጽ ምክንያት!

«ስልክ አለ አይደል?» ይላል ቀጥሎ። የኢንፍራሬድ አምፖል ያላቸው ስልኮች ጥቂት ናቸው። ያላቸውም ቢሆኑ መተግበሪያው የሚያውቀው ስማቸው የታወቀ ፋብሪካዎችን ኮድ ነው። የእኛ ሳጥኖች ግን ካርቶናቸው ላይ አንድ ስም፣ ጀርባቸው ላይ ሌላ ስም፣ ሲበሩ ሦስተኛ ስም የሚያሳዩ ናቸው። እነሱን ማን ይመዝግብልን?

«ኢንፍራሬድ እኮ አርጅቷል፤ ዓለም ብሉቱዝ ላይ ነው» የሚለው የመጨረሻው ነው። ይሁን። እስኪ አዳማ ውስጥ አንዱ ሆቴል ግቡና ግድግዳው ላይ ያለውን ኤር ኮንዲሽነር እዩት። ፕሮጀክተሩን እዩት። የምግብ ቤቱን ቴሌቪዥን እዩት። ኤር ኮንዲሽነሩ ደግሞ ከሪሲቨርም የከፋ ነው፤ ብዙዎቹ ሪሞቶቹ በአንድ ጫና ሙቀቱን፣ የማራገቢያውን ፍጥነት፣ ሁሉን በአንድ ረዥም መልእክት ነው የሚልኩት። በእጅ ሙከራ የሚገኝ ኮድ አይደለም። በሚያዝያ ሙቀት የአዳማን ቀትር ያየ ሰው «አርጅቷል» እያለ አይፈላሰፍም።

ሕጉስ ምን ይላል?

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሊኑክስ ከርነል የተለቀቀው ጂፒኤል በሚባል ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ከርነሉን በዕቃ ውስጥ አድርጎ የሚሸጥ ሁሉ ኮዱን ከነለውጡ ለገዢው እንዲሰጥ ያዛል። የሪሞቱ ድራይቨርና ሠንጠረዥ ከርነሉ ውስጥ ከሆኑ እነሱም የዚያ ግዴታ አካል ናቸው። ሠንጠረዡን ከከርነሉ ውጭ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ የደበቀ ሠሪ ከዚህ ሊያመልጥ ይችላል። ሁሉም ግን አልደበቁትም፤ ጠያቂ ስለሌለ ብቻ ዝም ያሉ አሉ።

የጠየቁ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ በሚባል ራውተር ውስጥ ሊኑክስ እንዳለ ያወቁ ሰዎች ኮዱን ጠየቁ፤ ኩባንያውም ለቀቀ። በዚያ ኮድ ላይ ነው ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ኦፕንደብሊውአርቲ የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ2004 ጀርመናዊው ሃራልድ ቬልተ ሙኒክ ፍርድ ቤት ሄዶ ፈቃዱ በሕግ የሚጸና መሆኑን አስፈረደ። ፈረንሳይ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ቴሌቪዥንን ጨምሮ አንዳንድ ዕቃዎች ሲሸጡ ለጥገና ምን ያህል እንደሚመቹ የሚያሳይ ነጥብ እንዲለጠፍባቸው አዘዘች።

እኛስ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ሪሞቷ ብትጠፋ ዕቃው ቆሻሻ እንደሚሆን ለገዢው አለመናገር በቂ መረጃ ነው? በእኛ እምነት አይደለም። ጠበቃ የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ካላችሁ ይህችን ያዙልን።

አሁን ወደ ራሳችን

አስመጪውን መውቀስ ቀላል ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳንባል ወደ ራሳችን እንዙር።

እኛ በተለያየ ከተማ ተምረን የተመረቅን ነን። «ድራይቨር ምንድን ነው?» ለሚል ፈተና ሙሉ ነጥብ ያገኘን ነን። ትርጉሙን በቃላችን እንወጣዋለን። ከእማማ ሳጥን በፊት ግን ከመካከላችን አንድም ሰው በሕይወቱ አንድ ድራይቨር በእጁ አስተካክሎ አያውቅም ነበር። አራትና አምስት ዓመት ተምረን፣ ቤታችን ውስጥ ተቀምጦ ለሚያየን ዕቃ አንድ መስመር ጽፈን አናውቅም። ያኔ «ላቦራቶሪ የለም፣ ቦርድ የለም፣ በጀት የለም» ይባል ነበር። ቦርዱ እኮ ሞልቷል! በየቤቱ አልጋ ሥር፣ በየቆራሌው ማዳበሪያ ውስጥ፣ በየጠጋኙ ሱቅ ጥግ ተቆልሏል። ዋናው ቺፕ፣ ማስታወሻው፣ የሲሪያል በሩ፣ ጆሮው ሁሉ አብሮት ነው። ፈረንጅ በዶላር የሚሸጥልን የልምምድ ቦርድ ከዚህ ምን የተለየ ነገር አለው?

እዚሁ አዳማ የዲሽና የሪሞት ጠጋኝ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ መበየጃውን አግሎ ተቀምጧል። የትኛዋ ሪሞት ለየትኛው ሳጥን እንደምትሆን በቃሉ ነው የሚያውቀው። የተማረው አምፖሉን፣ ላስቲኩን፣ ክሪስታሉን እየቀያየረ ነው። እኛ ዲግሪያችንን ይዘን በአጠገቡ ስናልፍ «ሪሞት ሠሪ» እንለዋለን፤ እንደ ስድብ። እሱ እጅ አለው፣ ወረቀት የለውም። እኛ ወረቀት አለን፣ እጅ የለንም። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የእማማን ሳጥን የሚያህል ችግር ቁርስ ነው።

ብራዚልን ያነሳነው ለዚህ ነው። በሊኑክስ የሚሠሩ ሳጥኖች ሪሞቶች የሚያልፉበትን የከርነል ክፍል ያደራጀው ሰው ከሀብታም አገር የመጣ አይደለም። ተቀምጦ የሠራ፣ የሠራውንም ለሁሉም የሰጠ ነው። ከርነሉ ደግሞ ፓስፖርት አይጠይቅም። አንድ የሪሞት ሠንጠረዥ በትክክል ጽፎ የላከ ሰው ሥራው ይታያል፣ ከተስተካከለ ይገባል፣ ስሙም አብሮ ይቀመጣል። ከመቶ በላይ የሆኑት ሠንጠረዦች በብዛት የተሰበሰቡት እንዲህ ነው። የአዳማ፣ የሞጆ፣ የመቂ፣ የሻሸመኔ ቤቶችን የሞሉት ሳጥኖች ግን ወኪል የላቸውም። ማን ይጻፍላቸው? ጀርመን ያለ ሰው የእማማን ሳጥን ከየት ያገኘዋል?

እንግዲህ ምን እንላለን?

ለአስመጪዎች፦ ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ገጽ ጨምሩ። ፕሮቶኮሉ ምን እንደሆነ፣ አድራሻው ስንት እንደሆነ፣ ቁልፎቹ ምን ምን ቁጥር እንደሆኑ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢሆን ደግሞ እሰየው። ይህ የንግድ ምስጢር አይደለም፤ ሪሞቷ በተጫነች ቁጥር ቤቱን ሙሉ በብርሃን የምትለፍፈው ነገር ምን ምስጢር አለው? ምስጢር የሚሆነው ሪሞቷ ስትሞት ብቻ ነው።

ለአስተማሪዎች፦ የመመረቂያ ሥራ አጥታችሁ «የተማሪዎች መመዝገቢያ ሲስተም» ለሺኛ ጊዜ ከማሠራት አንድ ቡድን አንድ የሞተ ሳጥን ስጡት። ከፍቶ፣ ጆሮውን አግኝቶ፣ ድራይቨሩን አስተካክሎ፣ ሠንጠረዡን ጽፎ ይምጣ። ያ ልጅ ነገ የውኃ ቆጣሪም፣ የሕክምና መሣሪያም ድራይቨር ለማየት አይፈራም። ፒን፣ ፕሮቶኮል፣ ሠንጠረዥ፤ ከዚህ የተለየ ዓለም የለም።

ለራሳችን፦ የጀመርነውን እንቀጥላለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ጠጋኞች ጋር ተስማምተን ሳጥን እየከፈትን ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ እንጽፋለን፤ ለጠየቀ ሁሉ በነፃ እንሰጣለን፤ ወደ ከርነሉ መሄድ የሚችለውን እንልካለን። እስካሁን የጻፍነው ጥቂት ነው። እናንተም አንዷን ብትጽፉ ጥቂቱ ይበዛል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ቆራሌው ሰፈራችሁ ሲገባ፣ ወይም ልዋጭ የሚሉት ልጆች በሳፋ ሊቀይሯችሁ ሲመጡ፣ ያን «የሞተ» ሪሲቨር ከማውጣታችሁ በፊት ቆም በሉ። ሰክታችሁ አብሩት። መብራቷ ከበራች አልሞተም፤ የሚያናግረው ሰው ነው ያጣው።

እማማ አዲሷን ሪሞታቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ በላስቲክ አስረው፣ ብፌ ላይ ነው የሚያስቀምጧት። የሶፋ ልብስ በሚታጠብ ቀን ደግሞ መቀነታቸው ውስጥ ይከቷታል። ገጿን አጥፈን ብፌው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠንላቸዋል።